የፋይሉ ቀን ምን ይላል? ለደመወዝ አቤቱታ ማስረጃ ስለ መያዝ

(በማኅበራችን የአርብ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ላልተገኛችሁም እንዲደርስ ተጽፎ የወጣ)

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከጅሊብ፣ ከፈርዋኒያ፣ ከሳልሚያ፣ ከጃህራ ያቺን አንዷን የዕረፍት ቀናችሁን ሰጥታችሁ ለመጣችሁ ምስጋናችን ትልቅ ነው። መውጣት ሳይፈቀድላችሁ ቀርቶ፣ ይህን ማታ ሥራ ሲያልቅ በስልካችሁ የምታነቡትም እዚሁ እንዳላችሁ ቁጠሩት።

የዛሬው ጉዳይ ስሙ ሲጠራ የኮምፒውተር ሰዎች ነገር ይመስላል፤ የፋይል ቀን መመርመር ነው። ቁም ነገሩ ግን የደመወዝ ነው። ስልካችን ውስጥ ያለው ፎቶ፣ የድምፅ መልእክት፣ የደረሰኝ ምስል፣ ሁሉም ቀንና ሰዓት ይዟል። ያ ቀን በክርክር ጊዜ ሊመሰክርልን ይችላል። ሳናውቅ ከነካካነው ደግሞ ይለወጣል፤ ባስ ሲልም ይመሰክርብናል። ስለዚህ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ እንየው።

ቀን እንዴት ገንዘብ ይሆናል?

የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ የወጣው በ2015 ነው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) በዚህ ሕግ የሥራ ሰዓት በቀን ከ12 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ አለ። አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት ይዞ ማስቀረት ተከልክሏል። በ2016 ደግሞ ዝቅተኛው ደመወዝ በወር 60 ዲናር እንዲሆን ተወሰነ። ደመወዝ በቀኑ ካልተከፈለ፣ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ወር 10 ዲናር ይታሰባል።

እስቲ ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ የቀን ጥያቄዎች ናቸው። ስንት ወር? ከመቼ ጀምሮ? ስንት ሰዓት? አንዲት እህት በ60 ዲናር ደመወዝ የ14 ወር አልተከፈለኝም ብትል ዋናው ገንዘብ 840 ዲናር ነው። ማሳየት የቻለችው 9 ወሩን ብቻ ከሆነ ግን 540 ነው። የ300 ዲናር ልዩነት፣ ማለትም የአምስት ወር ላብ፣ በቀን ማስረጃ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። በግል ድርጅት የምትሠሩት ወንድሞችና እህቶች የምትተዳደሩት በሌላ ሕግ፣ በ2010 በወጣው ቁጥር 6 ነው። እዚያ ደግሞ የሥራ ውሉ ካለቀ ከአንድ ዓመት በኋላ የቀረበ የሠራተኛ ክስ አይሰማም። እዚህም ነገሩን የሚወስነው ቀን ነው።

የቤት ሠራተኛ አቤቱታ የሚቀርበው ለሰው ኃይል ባለሥልጣን ነው፤ ብዙዎቻችን «ቁዋ ዓሚላ» የምንለው መሥሪያ ቤት። መጀመሪያ ሁለቱን ወገኖች ለማስማማት ይሞከራል። ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በሁለቱም ቦታ «በጣም በደሉኝ» ከማለት ይልቅ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ብሎ ማስረዳት የበለጠ ያስኬዳል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚሉት ለዚህ ነው።

የእኛ ቀን እና የእነሱ ቀን

ወደ ስልኩ ከመግባታችን በፊት የራሳችንን አቆጣጠር እናስተካክል። ብዙ እህቶች የደመወዝ ቀን በደብተር ይጽፋሉ። ጎበዞች! ግን «ጥቅምት 2016» ተብሎ የተጻፈውን አስተርጓሚው «ኦክቶበር 2016» ብሎ ቢያነበውስ? በእኛ ጥቅምት 1 ቀን 2016 ማለት በፈረንጅ ኦክቶበር 12 ቀን 2023 ነው። የሰባት ዓመት ልዩነት ነው። ልጅቷ ኩዌት ከመግባቷ በፊት ደመወዝ ልትጠይቅ የመጣች ትመስላለች፤ ክርክሩም ሳይጀመር ይበላሻል።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። እኛ ማታ 2 ሰዓት ከ45 የምንለውን ስልኩ 20:45 ብሎ ይይዘዋል። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል 05:30 ነው። ደግነቱ ኩዌትና አዲስ አበባ አንድ ዓይነት ሰዓት ነው ያላቸው፤ ሁለቱም ከዓለም መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። ስለዚህ እዚህ ያለውን ሰዓት ከአገር ቤት ጋር ለማመሳሰል መቀነስም መደመርም የለም። የአጻጻፍ ልዩነት ብቻ ነው።

በደብተራችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉ። መጀመሪያ የእኛን፣ ከጎኑ የፈረንጁን፣ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስም። 05/11/2023 ተብሎ ሲጻፍ አንዱ 5ኛው ቀን የ11ኛው ወር ብሎ ያነበዋል፤ ሌላው ደግሞ 11ኛው ቀን የ5ኛው ወር ይለዋል። «5 ኖቬምበር 2023» ካላችሁ ማንም አይሳሳትም።

ስልኩ ቀንን እንዴት ይይዛል?

አብዛኞቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች የፋይል ቀንን የሚቆጥሩት በሰከንድ ነው። መነሻው ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰከንድ አለፈ? መልሱ አንድ ረጅም ቁጥር ነው። ስልካችሁ ላይ በአማርኛ፣ በአረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ የሚታየው ቀን የዚያ ቁጥር ልብስ ነው። ልብሱ ሲቀየር ሰውየው አይቀየርም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። 1700000000 የሚለውን ቁጥር እንውሰድ። በዓለም መነሻ ሰዓት ኖቬምበር 14 ቀን 2023፣ ከምሽቱ 22:13 ነው። በኩዌት ሰዓት ግን 3 ሰዓት ስለሚጨመር ኖቬምበር 15፣ 01:13 ይሆናል፤ በእኛ ኅዳር 5 ቀን 2016፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ13። አያችሁ? አንዱ ፋይል በአንዱ ኮምፒውተር ላይ የ14 ሌላው ላይ የ15 ሆኖ ይታያል። ማንም አልዋሸም፤ ሰዓቱ በየት አገር እንደተነበበ አልተጻፈም እንጂ። «እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ እሠራ ነበር» ለምትል እህት ይህች ሦስት ሰዓት ቀላል አይደለችም።

አንድ ፋይል፣ ብዙ ቀን

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደርሰናል። «የፋይሉ ቀን» ስንል የትኛው ቀን?

አንደኛው ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበት ቀን ነው። ሁለተኛው ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተበት ቀን ነው፤ ይሄ በቀላሉ ስለሚለዋወጥ ብዙ አትመኩበት። ሦስተኛው እዚያ ማሽን ላይ የተፈጠረበት ቀን ነው። ይህ ሦስተኛው ብዙ ሰው ያደናግራል። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ፎቶ ስትገለብጡ «የተፈጠረበት» የሚለው የዛሬ ቀን ይሆናል፤ «የተለወጠበት» የሚለው ግን የድሮውን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ፋይሉ ከመወለዱ በፊት የተለወጠ ይመስላል! ይህን ያየ የአሠሪ ጠበቃ «ተሠርቶበታል» ሊል ይችላል። መልሱ ቀላል ነው፤ ተገልብጧል፣ ሌላ ምንም አልሆነም።

ፎቶ ሲሆን አራተኛ ቀን አለ። ካሜራው ሲያነሳ በራሱ በፎቶው ውስጥ የሚጽፈው ነው፤ ኤግዚፍ ይባላል። ፎቶው ወደ ሌላ ቦታ ቢገለበጥም አብሮት ይሄዳል። ለዚህ ነው ከሁሉም የተሻለ የሚሆነው።

ታዲያ እነዚህን ቀኖች ምን ያጠፋቸዋል? በየቀኑ የምናደርጋቸው ነገሮች ናቸው።

በዋትስአፕ ፎቶ በተለመደው መንገድ ስንልክ ፎቶው ይጨመቃል፤ በውስጡ የነበረው የካሜራው ቀን ይወጣል። የተቀበለው ሰው ስልክ ላይ ያለው ቀን የደረሰበት ቀን ነው እንጂ የተነሳበት አይደለም። ያንኑ ፎቶ «ዶክዩመንት» በሚለው በኩል ብንልከው ግን እንዳለ ይሄዳል። በቴሌግራምም «ፋይል» አድርጎ መላክ ይሻላል።

የመልእክት ስክሪንሾት ሲነሳ ፋይሉ የሚይዘው ስክሪንሾቱ የተነሳበትን ቀን ነው። ማዳም በመጋቢት የጻፈችውን በሐምሌ ስክሪንሾት ብታደርጉት ፋይሉ ሐምሌ ይላል። ስለዚህ ስታነሱ የመልእክቱ ቀን ከላይ እንዲታይ አድርጉ፤ የመጀመሪያውን መልእክትም አታጥፉ። ከዚያ የሚሻለው ዋትስአፕ ውስጥ ያለው ንግግሩን በሙሉ ወደ ጽሑፍ የማውጣት መንገድ ነው፤ እያንዳንዱን መልእክት ከቀንና ሰዓቱ ጋር ያወጣዋል። በራሱ የሚጠፋ መልእክት ተከፍቶ እንደሆነም ተመልከቱ።

ፎቶ መቁረጥ፣ ማድመቅ፣ ቀስት መሳል፤ እነዚህ ሁሉ አዲስ ቀን ያስገባሉ። ማሳየት የምትፈልጉት ነገር ካለ ቅጂ አውጡና ቅጂው ላይ ሥሩ። ዋናው አይነካ። ስልክ ስትቀይሩም የቀድሞውን ቶሎ አትሽጡት፤ አንዳንዱ የማዛወሪያ መንገድ ሁሉንም ፋይል የተዛወረበትን ቀን ያለብሰዋል።

ስክሪፕቱ ምን ይሠራል?

አንድ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለትና ሦስት ሺህ ፎቶና የድምፅ መልእክት ይሰበስባል። አንድ በአንድ እየከፈቱ ቀን መጻፍ አይቻልም፤ ዓይን ይደክማል፣ እጅ ይሳሳታል። ስክሪፕት ማለት ለኮምፒውተር የሚሰጥ አጭር የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ለዚህ ሥራ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይበቃል። ከ1991 ጀምሮ ያለ፣ በነጻ የሚገኝ፣ በተራ ላፕቶፕ ላይም የሚሠራ ነው። የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ከቋንቋው ጋር አብረው ይመጣሉ፤ ኦኤስ፣ ዴትታይም፣ ሲኤስቪ እና ሃሽሊብ ይባላሉ። ከመካከላችን ኮምፒውተር የተማሩ ልጆች አሉ፤ ለእነሱ ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው። ሌሎቻችን ግን ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለብን፤ ያልገባንን ወረቀት ይዘን አቤቱታ አንቀርብም።

ስክሪፕቱ እንዲህ ይሠራል። መጀመሪያ ማስረጃው ያለበትን ፎልደር ይከፍትና ፋይሎቹን በተራ ይቆጥራል። ከዚያ እያንዳንዱን «መጠንህ ስንት ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጥከው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚመለሰው ያ ረጅም የሰከንድ ቁጥር ነው። ያንን በኩዌት ሰዓት ወደ ቀን ይለውጠዋል፤ ዓመት በቅድሚያ፣ ወር ቀጥሎ፣ ከዚያ ቀን። ኩዌት መሆኑን በግልጽ ካልነገርነው የሚጠቀመው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሰዓት ነው፤ ሌላ አገር ባለ ማሽን ላይ ከተሠራ ያ የሦስት ሰዓት ስሕተት ይመጣል።

ቀጥሎ የፋይሉን ስም ያነባል። ብዙ ስልኮች ቀኑን በስሙ ውስጥ ይጽፋሉ፤ 20231115 ማለት 2023፣ 11ኛው ወር፣ 15ኛው ቀን ነው። የዋትስአፕ ፎቶም በስሙ ውስጥ ቀን አለው። ስክሪፕቱ የስሙን ቀን ከፋይሉ ቀን ጋር ያነጻጽርና ካልተስማሙ «ይታይ» ብሎ ምልክት ያደርጋል። ምልክት ያለበት ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ሌላው ወገን ከመጠየቁ በፊት እኛ ምክንያቱን እንወቅ ማለት ነው።

በመጨረሻ ሁሉንም በቀን ቅደም ተከተል ደርድሮ በኤክሴል የሚከፈት ሠንጠረዥ ያወጣል። ያኔ ነው ታሪኩ ራሱ የሚናገረው። የሐዋላ ደረሰኙ ምስል በየወሩ ሲመጣ ቆይቶ ከአንድ ወር በኋላ ሲቆም፣ ከዚያ ደግሞ «ደመወዜስ?» የሚለው የድምፅ መልእክት ሲጀምር በአንድ ገጽ ላይ ይታያል።

ለምትጽፉት ልጆች ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ስክሪፕቱ ያንብብ እንጂ አይጻፍ፤ ስም አይቀይር፣ ፋይል አያዛውር። ሁልጊዜም በቅጂ ላይ ሥሩ። ደግሞም «የተፈጠረበትን ቀን» የሚጠይቀው የድሮው ትእዛዝ በዊንዶውስና በሊነክስ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። በሊነክስ የሚመልሰው የፋይሉ መዝገብ የተነካበትን ጊዜ ነው፤ ፈቃድ ወይም ስም ሲቀየር እንኳ ይለወጣል። እሱን የልደት ቀን ብላችሁ አትጻፉት።

የሌላው ወገን ምን ይላል?

እውነቱን እንነጋገር። የፋይል ቀን ብቻውን ደካማ ምስክር ነው። የስልኩን ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ ፎቶ ማንሳት ይቻላል። በአንድ መስመር ትእዛዝ የፋይልን ቀን መቀየርም ይቻላል። ይህን የማያውቅ ጠበቃ የለም ብላችሁ አስቡ።

ስለዚህ ጥንካሬው የሚመጣው ቀኑን እኛ ካልጻፍነው ቦታ ነው። የሐዋላ ቤቱ ደረሰኝ ላይ ያለው ቀን በእነሱ መዝገብም አለ። የባንክ መልእክት የባንኩ ነው። ኢሜይል ሲላክ ቀኑን የሚጽፈው የኢሜይሉ ድርጅት ሰርቨር ነው እንጂ የእኛ ስልክ አይደለም። የፎቶው ቀን፣ የደብተሩ ቀን፣ የደረሰኙ ቀን፣ ሦስቱም ሲስማሙ ያኔ ቃላችን ይከብዳል። አንዱ ብቻውን ገለባ ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ?

ስክሪፕቱ ሌላም ነገር ሊጨምር ይችላል፤ የፋይሉን የጣት አሻራ። ሻ 256 የሚባል ስሌት ከእያንዳንዱ ፋይል 64 ፊደልና ቁጥር ያለው አሻራ ያወጣል። ከፎቶው አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ሌላ ይሆናል። ሠንጠረዡን ከእነ አሻራው በዚያው ቀን ለራሳችሁና ለምታምኑት ሰው በኢሜይል ከላካችሁ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ፋይሉ እንዳልተነካ ማሳየት ትችላላችሁ። ከዚያ ቀን በፊት ስለነበረው ግን አሻራው አይናገርም። ለዚህ ነው ሥራው ዛሬ መጀመር ያለበት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሌላም ገደብ አለ። ንጋት 05:30 ላይ የተላከ መልእክትና ሌሊት 23:50 ላይ የተነሳ የወጥ ቤት ፎቶ በእነዚያ ሁለት ሰዓቶች ነቅታችሁ እንደነበረ ያሳያል። በመካከሉ ስንት ሰዓት እንደሠራችሁ ግን አያሳይም። በየቀኑ የሚጻፈው ደብተር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከማስረጃው በላይ አትናገሩ፤ አንዷ የተጋነነች ቃል እውነተኛውን ሁሉ ታስጠረጥራለች።

ጥንቃቄ

ማስረጃ ፍለጋ ሌላ ክስ እንዳያመጣብን። ኩዌት በ2015 የወጣ የመረጃ ቴክኖሎጂ ወንጀሎች ሕግ አላት፤ ቁጥር 63። የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ማስመሰልና በኢንተርኔት ማስፈራራት በዚህ ሕግ ያስቀጣሉ። ስለዚህ ቀን አትቀይሩ፤ «እውነት ነው እኮ፣ ቀኑን ብቻ ላስተካክል» ማለትም አይሠራም። የቤቱን ሰዎች፣ በተለይ ሴቶችንና ልጆችን፣ አትቅረጹ። «ካልከፈላችሁኝ ቲክቶክ ላይ እለቀዋለሁ» ብሎ መልእክት መጻፍ ከሳሽን ተከሳሽ ያደርጋል። የራሳችሁን ነገር ሰብስቡ፤ ኮንትራት፣ ኢቃማ፣ ደረሰኝ፣ ለእናንተ የተላከ መልእክት፣ የራሳችሁ ደብተር።

ስልክ ሊወሰድ እንደሚችልም አትርሱ። ማስረጃው አንድ ስልክ ላይ ብቻ ካለ የለም ማለት ነው። አንድ ቅጂ አገር ቤት ለምታምኑት ዘመድ፣ አንድ ቅጂ በኢሜይል አስቀምጡ። ብዙ ፋይል ከሆነ በዚፕ አሽጉት፤ ዚፕ የተለወጡበትን ቀን አብሮ ይይዛል። ቤት ውስጥ አደጋ ላይ ያላችሁ ግን ፋይሉን ተዉት፤ መጀመሪያ ራሳችሁን አውጡ። ከኤምባሲ ወይም ከማኅበሩ ሰው ጋር ተገናኙ፤ ማስረጃው በኋላ ይፈለጋል።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ

አምስት ነገር ብቻ ያዙልኝ። የስልካችሁ ቀንና ሰዓት በራሱ የሚስተካከል መሆኑን እዩ። ደመወዝ በተቀበላችሁበትና ባልተቀበላችሁበት ወር ሁሉ በደብተር ጻፉ፤ በእኛም በፈረንጅም። ዋናውን ፋይል አትንኩ። ስትልኩ በዶክዩመንት ላኩ። አሠሪ «ፈርሚ» ሲል ያልተነበበላችሁን የአረብኛ ወረቀት ወይም ቀን የሌለውን ባዶ ወረቀት አትፈርሙ፤ ያ ወረቀት ነገ «ተቀብላለች» የሚል ቀን ሊጻፍበት ይችላል።

ኮምፒውተር የምትችሉ ልጆች ደግሞ ከስብሰባው በኋላ ጥቂት ቆዩ። ላፕቶፕ ያለው ላፕቶፑን፣ ፓይተን የሚያውቅ እውቀቱን ያምጣ። በሚመጣው አርብ ፋይላቸውን መደርደር የሚፈልጉ እህቶች አብረዋችሁ ይቀመጣሉ። የእያንዳንዷ ፋይል የእያንዳንዷ ነው፤ ማኅበሩ ጋ ቅጂ አይቀርም፤ ባለቤቷ ሳትፈቅድም ማንም አይከፍተውም። ሠንጠረዡ ታትሞ በእጇ ይሰጣታል።

የሠራነውን ሠርተናል፤ የቀረን «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ብለን ማሳየት ነው። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁ፤ በስልክ የምታነቡትም ጥያቄያችሁን በድምፅ ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም እንመልሳለን።